ባሕር ማዶ ያለ ሊግ፣ እዚህ ያለ ቲፎዞ፦ የምር ነው ወይስ የይምሰል?



ምሳ ተበልቶ ጥላ ሥር ሲቀመጡም ሆነ ማታ ከጥናት በኋላ በየመኝታ ክፍሉ ከሚነሡት ክርክሮች መካከል ዋነኛው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ነው። አርሴናል፣ ማንቼ፣ ሊቨርፑል፣ ቼልሲ እያለ የማይከራከር ዕጩ መምህር በተቋማችን ማግኘት ያስቸግራል። ከመምህራኖቻችን አንዳንዶቹ ግን ይህን ሲሰሙ፣ «ለመሆኑ ልጆች፣ ሊጉን የምር ትከታተሉታላችሁ? ወይስ ስሙን ይዛችሁ ነው የምትጮሁት?» እያሉ ይጠይቁናል።

ጥያቄው በቀልድ መልክ ይቅረብ እንጂ ቀልድ አይደለም። ነገ ተመርቀን በየትምህርት ቤቱ ስንመደብ፣ በደብተሩ ሽፋን ላይ የእንግሊዝ ክለብ ስም የጻፈ ተማሪ ከፊታችን መቀመጡ አይቀርም። ያን ልጅ «የማታውቀው አገር ቡድን ምን አገባህ?» ብለን እናሳፍረው? ወይስ በዝምታ እንለፈው? ወይስ ከሚወደው ነገር ተነሥተን እናስተምረው? መልሱ የሚወሰነው ፍቅሩ የእውነት ነው ወይስ የይምሰል በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን በየተራ ለማየት እንሞክራለን።

1. «መከታተል» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት በቅድሚያ ቃሉን መፍታት ያስፈልጋል። በተለምዶ ቲፎዞ የምንለው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። (እግረ መንገዳችንን፣ «ቲፎዞ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ መጥቶ በአማርኛ ቤተኛ የሆነ ነው፤ ዛሬ ማንም አገሩን አይጠይቀውም።) እኛ እንደምናየው ቲፎዞ በሦስት ይከፈላል።

ሀ/ ስም ያዡ። ይህኛው ማሊያ ይለብሳል፤ ቡድኑ ባሸነፈ ማግስት ድምፁ ከሁሉ በላይ ይሰማል። በተሸነፈ ማግስት ግን «ሥራ ነበረብኝ፣ አላየሁትም» ይላል።

ለ/ ውጤት ያዡ። የዚህኛው ጥያቄ «ስንት ለስንት አለቀ?» የሚል ብቻ ነው። ጎሉ እንዴት እንደገባ፣ ማን እንዳቀበለ፣ ቡድኑ ለምን እንደተዳከመ አያስጨንቀውም። ብር ያስያዘ ከሆነማ ለአንድ ቀን የአንዱ፣ በማግስቱ የሌላው ደጋፊ ይሆናል።

ሐ/ ተከታታዩ። ይህኛው ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ያያል። የራሱን ቡድን ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚውንም ሁኔታ ያውቃል፤ ከደረጃ ሠንጠረዡ ላይኛው ጫፍ ባሻገር ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያሉትንም ይቆጥራል።

የመምህራኖቻችን ጥርጣሬ የሚነሣው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አይተው ሦስተኛውንም ከእነሱ ጋር ስለሚደምሩት ይመስለናል። ሦስቱም በአንድ ዲሽ ቤት፣ በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አንድ ላይ ስለሚጮሁ ለመለየት ያስቸግራል፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው።

2. ነገሩ በእኛ አልተጀመረም

ባሕር ማዶ ሆኖ የእንግሊዝን ኳስ መከታተል በአፍሪካ የተፈጠረ አዲስ ልማድ የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ይህ ግን ትክክል አይደለም።

የእንግሊዝ የሊግ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ በራዲዮ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1927 አርሴናልና ሼፊልድ ዩናይትድ በተጋጠሙበት ዕለት ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሜዳው አጠገብ ሳይገኙ ኳስ «መስማት» ተቻለ። በድምፅ ባሕር መሻገር ከተቻለ ደግሞ በምስል መሻገር የጊዜ ጉዳይ ብቻ ነበር።

ትልቁ ምሳሌ የሚገኘው በሰሜን አውሮፓ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1969 የወልቭስና የሰንደርላንድ ጨዋታ በስዊድንና በኖርዌይ በቴሌቪዥን በቀጥታ ታየ። በእነዚህ አገሮች ክረምቱ በረዶ ስለሆነ የራሳቸው ሊግ በዚያ ወቅት ያርፋል፤ ሰዉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ይውላል። ከዚህም ሌላ በየሳምንቱ የሚሞላው የእግር ኳስ ግምት ወረቀት ላይ የእንግሊዝ ጨዋታዎች ተዘርዝረው ይቀርቡ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የተጀመረው በግምትና በዕጣ ነበር ማለት ይቻላል። እያደር ግን የቅዳሜው ጨዋታ የቤተሰብ ልማድ ሆነና አባት የወደደውን ክለብ ልጅ ወረሰው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ እንበል። ያ በመጀመሪያው ቀን የታየው ወልቭስ እ.ኤ.አ. በ1984፣ በ1985 እና በ1986 በተከታታይ ሦስት ጊዜ ወርዶ እስከ አራተኛው ዲቪዚዮን ተንከባለለ። ከአራተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ምን ክብር ይገኛል? ምንም። ሆኖም በስካንዲናቪያ የወልቭስ ደጋፊዎች ዛሬም አሉ። ሊድስም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ2004 ከፕሪሚየር ሊግ ወርዶ፣ ቀጥሎም ሦስተኛው እርከን ድረስ አሽቆልቁሎ፣ የተመለሰው ከ16 ዓመት በኋላ በ2020 ነበር። የስካንዲናቪያ ደጋፊዎቹ ግን ማኅበራቸውን አላፈረሱም። እነዚህ ሰዎች እንግሊዝ አልተወለዱም፤ አማቻቸውም እዚያ አይደለም። ታዲያ ይህን የይምሰል ማለት ይቻላል?

አሁን የምናውቀው ፕሪሚየር ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በ22 ክለቦች ሲሆን፣ ከ1995 ወዲህ የክለቦቹ ቁጥር 20 ሆኗል። የሳተላይት ቴሌቪዥን በአፍሪካ ሲስፋፋ ጨዋታው በየከተማው ገባ። በእኛም አገር በየሰፈሩ ዲሽ ቤት ተከፈተ፤ የኤፍ ኤም ራዲዮ ጣቢያዎችም ጨዋታውን በአማርኛ ማስተላለፍ ጀመሩ። ስለዚህ ኖርዌጂያኑ በ1969 የገባበትን በር እኛ ትንሽ ዘግይተን ገባንበት እንጂ አዲስ በር አልቀደድንም።

3. ሦስቱ መለኪያዎች

አንድ ሰው የምር መከታተሉን በምን እናውቃለን? የልደት ቦታውን በመጠየቅ አይመስለንም። ባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ጊዮርጊስና ቡና ስንት ለስንት ወጡ?» ብሎ ሲጠይቅ ርቀቱን ምክንያት አድርጎ «አስመሳይ» የሚለው የለም። «እሱማ ተወልዶበት ነው» የሚል ቢኖር የኖርዌጂያኑን ታሪክ ከላይ አይተናል። ስለዚህ የሚከተሉትን ሦስት መለኪያዎች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጊዜ። አንድ ክለብ በአንድ የውድድር ዓመት 38 የሊግ ጨዋታ ያደርጋል። 38 በ90 ደቂቃ ሲባዛ 3,420 ደቂቃ፣ ማለትም 57 ሰዓት ይሆናል። በእኛ በዕጩ መምህራን ቋንቋ ስንተረጉመው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ቢሆን፣ በሳምንት 3 ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት ከ28 ሳምንት በላይ የሚወስደው ጊዜ ማለት ነው። አንድ የትምህርት ዓመት እኮ ነው! ይህን ሁሉ ሰዓት በጠባብ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የሚያሳልፍ ሰው አስመሳይ ከሆነ በጣም ትጉህ አስመሳይ ነው።

በዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር አለ። በእንግሊዝ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በእነሱ 3 ሰዓት ላይ የሚጀመረው ጨዋታ በበጋቸው ወራት እኛ ዘንድ 11 ሰዓት ላይ ይሆናል። እነሱ በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን 12 ሰዓት ይሆናል፤ በማርች መጨረሻ ተመልሶ 11 ይሆናል። በሥራ ቀን ማታ በእነሱ 8 ሰዓት የሚጀመረውማ በክረምታቸው ወራት እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ነው፤ ሲያልቅ ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። ተከታታዩ ይህን ያለ ማስታወሻ ያውቀዋል። ስም ያዡ ግን በኦክቶበር መጨረሻ አንድ ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ባዶ አግዳሚ ላይ ሲቀመጥ ይታያል።

ሁለተኛ፣ ዕውቀት። እ.ኤ.አ. በ2015/16 ሌስተር ሲቲ ሻምፒዮን ሲሆን ዓለም ተገረመ። ትልልቆቹን ክለቦች ብቻ የሚያይ ሰው «ሌስተር ማነው?» አለ። ተከታታዩ ግን ሌስተር በቀደመው ዓመት ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዡ ግርጌ ቆይቶ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እንዴት እንደ ተረፈ አይቶ ነበር፤ አልጄሪያዊውን ሪያድ ማህሬዝንም ዝናው ከመውጣቱ በፊት ያውቀው ነበር። በትንንሾቹ ቡድኖች ጥያቄ ብትፈትኑት ማን ምን እንደሆነ ወዲያው ይለያል።

ሦስተኛ፣ ጽናት። ከሁሉም የሚከብደው መለኪያ ይህ ነው። አርሴናል እ.ኤ.አ. በ2003/04 ካደረጋቸው 38 ጨዋታዎች 26ቱን አሸንፎ፣ 12ቱን አቻ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ አነሣ። በዚያ ቡድን ውስጥ ናይጄሪያዊው ካኑ፣ ካሜሩናዊው ሎረንና የኮትዲቯሩ ኮሎ ቱሬ ነበሩበት፤ ብዙ አፍሪካውያን ልባቸውን የሰጡት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላስ? እስከ 2025 ድረስ ባሉት 21 ዓመታት አርሴናል የሊጉን ዋንጫ አላገኘም። በ2004 የተወለደ ልጅ አድጎ፣ ሁለተኛ ደረጃ ጨርሶ፣ ዕጩ መምህር እስኪሆን ድረስ ማለት ነው! ማሸነፉን ብቻ ፈልጎ የመጣ ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም፤ በመሐሉ ቼልሲ ነበረ፣ ሲቲ ነበረ፣ መሄድ ይችል ነበር። ማንቼም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ እስከ 2025 ድረስ የሊጉን ዋንጫ አላየም፤ በ2024/25 ያጠናቀቀው በ15ኛ ደረጃ ነው። ዲሽ ቤት ውስጥ ያለው የማንቼ ወንበር ግን ባዶ አልሆነም። ሊቨርፑል ደግሞ ከ1990 እስከ 2020 ድረስ 30 ዓመት ጠብቋል።

በእነዚህ ሦስት መለኪያዎች ሲመዘን መልሳችን ግልጽ ነው። አዎን፣ የምር የሚከታተል የባሕር ማዶ ደጋፊ አለ፤ ቁጥሩም ጥቂት አይደለም።

4. እንግሊዛዊው የማያየውን እኛ እናያለን

አንዳንዶች «ስታዲየሙን ረግጦ የማያውቅ ሰው እንዴት ተከታታይ ይባላል?» ይላሉ። የማንቼ ስታዲየም፣ ኦልድ ትራፎርድ፣ የሚይዘው 74 ሺህ ያህል ሰው ነው፤ የአርሴናሉ ኤምሬትስ ደግሞ 60 ሺህ ያህል። ከዚያ የሚተርፈው እንግሊዛዊም እንደኛው በቴሌቪዥን ፊት ነው የሚቀመጠው። እንዲያውም የባሰ ነገር አለበት።

ይኸውም እንዲህ ነው። በእንግሊዝ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቆየ ደንብ አለ። ቅዳሜ በእነሱ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ ከ2፡45 እስከ 5፡15 ድረስ ማንኛውም የእግር ኳስ ጨዋታ በአገሪቱ ቴሌቪዥን በቀጥታ አይተላለፍም። ደንቡ እንዲወጣ በብርቱ የተከራከሩት የበርንሊ ክለብ ሊቀ መንበር የነበሩት ቦብ ሎርድ ነበሩ። ምክንያታቸው ቀላል ነበር፤ ትልልቆቹ ቡድኖች በቴሌቪዥን ከታዩ በየትናንሹ ከተማ ያለው ሰው ቤቱ ይቀራል፣ የትንንሾቹ ክለቦች ሜዳ ባዶ ይሆናል፣ የመግቢያ ገቢያቸውም ይደርቃል የሚል ነው።

ለባሕር ማዶ ጣቢያዎች ግን እነዚያው የቅዳሜ ጨዋታዎች ይሸጣሉ። ስለዚህ በቅዳሜ 11 ሰዓት እኛ በዲሽ ቤት የምናየውን ጨዋታ የማንቸስተር ሰው፣ ትኬት ከሌለው፣ በቴሌቪዥኑ አያየውም። ይገርማል፤ ነገር ግን እውነት ነው። ደንቡ በወረርሽኙ ጊዜ ተነሥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ሊጉ ተቋርጦ በጁን 17 በዝግ ስታዲየም ሲቀጥል፣ የቀሩት 92 ጨዋታዎች በሙሉ በአገሩ ቴሌቪዥን በቀጥታ ታዩ። በእነዚያ ወራት የለንደኑም፣ የኦስሎውም፣ የአዲስ አበባውም ደጋፊ እኩል ተመልካች ነበር።

ይህን ደንብ አንባቢ በአእምሮው እንዲይዝልን እንፈልጋለን፤ ወደ መጨረሻ እንመለስበታለን።

5. ጎዶሎው ጎን

እስካሁን የባሕር ማዶውን ደጋፊ ስንከላከል ቆይተናል። ይሁንና አንድ ነገር በጎደለ ሚዛን መመዘን ለመምህር አይገባም። ፍቅሩ የእውነት ይሁን እንጂ የአንድ ወገን ፍቅር ነው። እኛ ክለቡን እናያለን፤ ክለቡ ግን እኛን አያየንም።

ሁለት ማስረጃዎች እናቅርብ። እ.ኤ.አ. በ2008 የሊጉ ኃላፊዎች ከ38ቱ ጨዋታዎች ሌላ አንድ ተጨማሪ ዙር ከእንግሊዝ ውጭ ባሉ ከተሞች እናጫውት የሚል ሐሳብ አቀረቡ። የአገሩ ደጋፊዎች ተቃወሙ፤ ፊፋም አልተቀበለውም፤ ሐሳቡ ወደቀ። በ2021 ደግሞ፣ ኤፕሪል 18 ቀን፣ ስድስት የእንግሊዝ ክለቦች ከስፔንና ከጣልያን ክለቦች ጋር «ሱፐር ሊግ» የሚባል ለብቻው የሆነ ውድድር መመሥረታቸውን አስታወቁ። የለንደን ደጋፊዎች ስታዲየም በር ላይ ቆመው ጮሁ። በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱም ክለቦች መውጣታቸውን አሳወቁ።

ከዚህ ምን እንማራለን? በክለቡ ዕድል ላይ ቃል ያለው በሩ ላይ መቆም የሚችል ሰው ነው። እኛ 57 ሰዓት ብንቀመጥም፣ ብንዘምርም፣ ብናለቅስም በዚያ በር ላይ አንቆምም። ከ2022 ጀምሮ በነበረው የሦስት ዓመት ውል ሊጉ ከውጭ አገር ጣቢያዎች ያገኘው ገቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአገር ውስጡ በልጧል። ማለትም ገንዘባችን፣ በዲሽ ቤቱና በጣቢያው በኩል ዞሮ፣ ይደርሳል፤ ድምፃችን ግን አይደርስም።

ሌላው ጎዶሎ ቤቲንግ ነው። በየከተማው በተከፈቱት የውርርድ ቤቶች በር ላይ የሚሰለፈው ወጣት ስለ እንግሊዝ ሊግ ብዙ ቁጥር ያውቃል። ነገር ግን ዕውቀቱ በወረቀቱ ላይ ላለው ዕድል ሲባል የተያዘ ነው። የስካንዲናቪያው ታሪክ በግምት ወረቀት ተጀምሮ በፍቅር አልቋል ብለናል፤ እኛ ዘንድ ግን በፍቅር የተጀመረው በወረቀት እንዳያልቅ ያሠጋል። ከወር የማይዘልቅ የኪስ ገንዘብ ይዞ አራት ጨዋታ በአንድ ትኬት የሚያስይዝ ጓደኛ አናጣም። ሦስቱ ተሳክተው አራተኛው ከከሸፈ ሁሉም ከሸፈ ማለት ነው። ይህ ሰው ሲጮህ ለክለቡ ነው ወይስ ለብሩ? ራሱም ለመለየት ይቸገራል።

6. የቅርብ ጠበል

አበው «የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። በእግር ኳሳችን የደረሰው ይኸው ነው።

ኢትዮጵያ በኳስ ትናንት የመጣች አገር አይደለችም። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1928 ዓ.ም. ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ1957 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር ከመሠረቱት አንዷ ናት። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አንሥታለች፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1987 የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ስለ ፈርጉሰንና ስለ ዌንገር ሰዓት ሙሉ የሚያወራ ዕጩ መምህር ስለ ይድነቃቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ካጣ ያሳዝናል።

ታዲያ ጥፋቱ የእንግሊዝ ሊግ ነው ማለታችን አይደለም። የአገራችን ሊግ ጨዋታዎች ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በደቡብ አፍሪካው የስፖርት ጣቢያ በቀጥታ ሲታዩ በዚያው ዲሽ ቤት፣ በዚያው አግዳሚ ላይ ሰው ተቀምጦ አይቷቸዋል። ስለዚህ ተመልካቹ የአገሩን ኳስ ጠልቶ አይደለም፤ ጥሩ ሆኖ ሲቀርብለት ያየዋል። የምር የሚከታተል ሰው ዓይኑ ኳስ ስለለመደ የአገሩንም ጨዋታ በተሻለ ሁኔታ ይረዳል። ሁለት ክለብ መውደድ ሁለት ሚስት እንደ ማግባት አይደለም።

አሁን ወደዚያ ወደ እንግሊዙ የቅዳሜ ደንብ እንመለስ። እንግሊዞች ትንንሽ ሜዳዎቻቸውን ከራሳቸው ትልቅ ሊግ ይከላከላሉ። የእኛን የከተማ ሜዳ ግን ከዚያ ሊግ የሚከላከልለት ደንብ የለም። ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ የከተማችን ቡድን ሲጫወት፣ የመጀመሪያው ግማሽ አልቆ እረፍት ሲሆን የዲሽ ቤቱ ድምፅ ይጀምራል፤ በሁለተኛው ግማሽ በመስመሩ ዳር የሚቀረው የተጫዋቾቹ ወንድምና ጥቂት ሕፃን ነው። በዚህ ሜዳ ላይ የሚጫወተው ልጅ የሚያየው ማጣቱን ያውቃል። የእንግሊዙ ክለብ የእኛን አለመምጣት አይቆጥርም፤ የከተማችን ቡድን ግን ይቆጥረዋል። እዚህ በሩ ላይ መቆም እንችላለን፤ ድምፃችንም ይሰማል።

7. እኛ ዕጩ መምህራን ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ፣ ተማሪን በሚወደው ነገር ማሳፈር ይቅር። የምር የሚከታተል ልጅ ትኩረት ማድረግን፣ መታገሥንና መቁጠርን ለምዶ የመጣ ልጅ ነው። ይህን ችሎታ ማን ሰጠው ብለን ከመከራከር ወደ ጥቁር ሰሌዳ ማምጣቱ ይሻላል። ጥቂት ምሳሌዎች እነሆ፦

ሀ/ በሒሳብ። 20 ክለቦች እያንዳንዳቸው ከ19ኙ ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጋጠሙ ጠቅላላው ስንት ጨዋታ ይሆናል? ብዙ ተማሪ 760 ይላል፤ አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ መቆጠሩን ሲረዳ 380 መሆኑን ያገኘዋል። ለማሸነፍ 3፣ ለአቻ 1 ነጥብ ከሆነ፣ 26 ድልና 12 አቻ ስንት ነጥብ ነው? 90። ሁሉንም 38 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድንስ? 114።

ለ/ ስለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቁጥሮች። እ.ኤ.አ. በ2011/12 ሲቲና ማንቼ እኩል 89 ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ሲቲ 93 አግብቶ 29 ገባበት፤ ማንቼ 89 አግብቶ 33 ገባበት። የጎል ክፍያቸው ስንት ነው? 64 እና 56። ዋንጫው በ8 ጎል ልዩነት ተወሰነ። ቀጥሎ የወራጁን ቡድን ክፍያ ሲያሰላ ተማሪው ከዜሮ በታች ያለውን ቁጥር ያለ ጭንቀት ይገናኘዋል።

ሐ/ በጂኦግራፊ። ጨዋታው ለምን አንዳንዴ 11፣ አንዳንዴ 12 ሰዓት ይሆናል? ይህ ጥያቄ ወደ መሬት መዞርና ወደ ሰዓት ክልል ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ተማሪውን በእነዚያ በሦስቱ መለኪያዎች ራሱን እንዲመዝን እናድርግ። «አርሴናል ነኝ» የሚለው ልጅ ስለ አርሴናል አንድ ገጽ ይጻፍ። የሚጽፈው ካጣ ስም ያዥ መሆኑን ራሱ ያያል፤ እኛ መንገር የለብንም። ከዚያም ስለ ከተማው ቡድን ሌላ ገጽ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ በተቋማችን ልንፈጽመው የምንችለው ነገር አለ። የቅዳሜውን ደንብ እንግሊዞች ለራሳቸው ካወጡ እኛም በአቅማችን ልናወጣ እንችላለን። የክፍሎቻችን ውድድር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከዲሽ ቤቱ ጋር ከሚጋጭ ወደ ቅዳሜ ጧት ቢዛወር የሚከለክለው የለም፤ ሰው ሁለቱንም ያያል። የስፖርት ኮሚቴው ይህን እንዲመለከተው በአክብሮት እናሳስባለን።

በዚሁ በግድግዳ ጋዜጣችን የስፖርት ዓምድ ላይ እስካሁን የሚለጠፈው የእንግሊዝ ሊግ ደረጃ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ከጎኑ የከተማችን ቡድኖችና የክፍሎቻችን ውድድር ሠንጠረዥ እንዲለጠፍ ሐሳብ እናቀርባለን። የእንግሊዙን ከራዲዮ እንሰማለን፤ የዚህኛውን ግን የሚነግረን የለምና ሜዳ ወርዶ፣ ቆጥሮ፣ ጽፎ የሚያመጣ ሰው ያስፈልጋል። ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ ስሙን በዚህ ጽሑፍ ግርጌ በእርሳስ ይጻፍልን።